አልቅሶ መጽናት፦ የዕብራውያን ጥበብ በመከራ ቀን

«ቻለው፣ ዋጥ አድርገው» የሚለውን ምክር ከዕብራውያን መጻሕፍት ውስጥ ቢፈልጉት አያገኙትም። ኢዮብ የተወለደበትን ቀን ረግሟል። ነህምያ የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን ሲሰማ ተቀምጦ አልቅሷል። ዳዊት መኝታዬን በእንባዬ አረጥባለሁ ብሏል። እነዚህ ሰዎች ሐዘናቸውን አልዋጡትም፤ መልክና ልክ ሰጡት እንጂ። ለኢያሱ «ጽና» ተብሎ የተነገረው የዕብራይስጥ ቃል «ሐዘቅ» ነው፤ ከዚሁ ሥር የሚወጣው ግስ አጥብቆ መያዝ፣ መጨበጥ ማለትም ነው። እንግዲህ ብርታት ማለት ምንም እንዳልተሰማው ሰው መቆም ሳይሆን የሚጨበጥ ነገር አግኝቶ አለመልቀቅ ነው። ከዚህ በታች ያለው የሚጨበጠው ነገር ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚያዝ ነው።

የተጻፈው በተለይ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን ጉራ፣ ቦሌ አራብሳና በመሳሰሉት የአዲስ አበባ ዳርቻዎች ለሚኖር ሰው ነው። እዚህ መከራ ብቻውን አይመጣም። ሐዘኑ ወይም ከሥራ መቀነሱ ሳያንስ መንገዱ ረጅም ነው፣ ዘመድ ሩቅ ነው፣ የጥንቱ ዕድር የቀረው መሃል ከተማ ነው።

መጀመሪያ እንጎቻው

ኤልያስ ኤልዛቤልን ሸሽቶ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠና «ይበቃኛል» ብሎ ሞትን ለመነ (1ኛ ነገሥት 19)። መልአኩ አልገሠጸውም፣ አልሰበከውምም። ቀስቅሶ «ብላ» አለው፤ ራስጌው የተጋገረ እንጎቻና ማሰሮ ውኃ ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። ሁለተኛ ቀሰቀሰውና መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ድገም አለው። «እዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከ40 ቀን መንገድ በኋላ ኮሬብ ሲደርስ ነው።

ቅደም ተከተሉን ልብ ይበሉ፤ ምግብና እንቅልፍ ከጥያቄው ይቀድማሉ። ነገሩ በደረሰ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት «ለምን በእኔ ላይ?» የሚለውን ለመመለስ አይታገሉ፤ የተራበ አእምሮ የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ ከእውነቱ የከፋ ነው። ባይርብዎትም በቀን ሁለት ጊዜ ጥቂት ይብሉ፤ ጾም ከሆነ ከንስሐ አባትዎ ጋር ይመካከሩ። ቡና ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ይቅር። ለቅሶ ቤት ሌሊቱን ሙሉ ሲፈላ የሚያድረው ቡና ሐዘንተኛውን ሦስተኛው ቀን ላይ እጁ እስኪንቀጠቀጥ ያደርሰዋል፤ እሱም ይህን የእምነት መጉደል አድርጎ ይቆጥረዋል። ቤት መሸጥን፣ ሥራ መልቀቅን፣ ከወንድም ጋር መካሰስን የመሰለ ውሳኔ ቢያንስ 30 ቀን ይቆይ። አይሁድም የሐዘንን ጊዜ በ7 ቀን፣ በ30 ቀን፣ ለወላጅ ደግሞ በ12 ወር ደረጃ በደረጃ የከፈሉት ሰው በአንድ ቀን እንደማይነሣ ስለሚያውቁ ነው። ሠልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት ለምንል ለእኛ ይህ ባዕድ አይደለም።

የመዝሙሩን ቁጥር ይለዩ

አንድ ሰው «መዝሙር 22ን አንብብ» ቢልዎ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ይጠይቁ። በዕብራይስጡ አቆጣጠር 22 «አምላኬ፣ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ» ነው፤ በግእዙ ዳዊት ግን 22 «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» ነው። ምክንያቱ የግእዙ ዳዊት እንደ ግሪኩ የዕብራይስጡን 9ና 10 አንድ አድርጎ መቁጠሩ ነው። ከዚያ ወዲያ እስከ 146 ባሉት በአብዛኞቹ ላይ ግእዙ በአንድ ያንሳል። ከዚህ በታች የዕብራይስጡ ቁጥር ይቀድማል፣ የግእዙ በቅንፍ ይከተላል።

የልቅሶ መዝሙር እንዴት ይነበባል?

ለመጀመር መዝሙር 13 (12) ይበቃል፤ ስድስት ቁጥር ብቻ ነው። ሦስት ክፍል አለው። ቁጥር 1ና 2 አቤቱታ ነው፤ «እስከ መቼ» የሚለው አራት ጊዜ ይመላለሳል። ቁጥር 3ና 4 ልመና ነው፤ ሰውየው ጠላቱን ከማንሣቱ በፊት «ዓይኖቼን አብራቸው» ይላል። ቁጥር 5ና 6 «እኔ ግን» ብሎ ወደ መታመን ይዞራል።

ሦስት ጊዜ ያንብቡት። አንደኛውን ድምፅ አውጥተው፣ በዝግታ። ሁለተኛውን አራቱ «እስከ መቼ»ዎች ውስጥ የራስዎን ጉዳይ እየከተቱ፦ «እስከ መቼ ኪራዩ ሲደርስ እንቅልፍ አጣለሁ? እስከ መቼ እናቴን በስልክ እዋሻታለሁ?» በደፈናው «መከራዬ» ማለት አይረዳም፤ ነገሩ በስሙ ይጠራ። ሦስተኛውን ሲያነቡ «እኔ ግን» የሚለው ላይ ሲደርሱ ይቁሙ። ቀጣዩን ከልብ ማለት ከቻሉ ይበሉት። ካልቻሉ መጽሐፉን ዘግተው ነገ ይመለሱበት። ይህ ሽንፈት አይደለም፤ መዝሙር 88 (87) እንደዚህ ወደ መታመን ጨርሶ አይዞርም፣ በዕብራይስጡ የመጨረሻው ቃል ጨለማ ነው፤ እንዲህም ሆኖ ከ150ዎቹ ጋር ተቆጥሮ በጸሎት ይነበባል።

ሦስት ነገሮች ይህን ንባብ ያበላሹታል። አንደኛው አቤቱታውን ዘልሎ ወደ ምስጋናው መሮጥ ነው፤ ያልተነገረው እሮሮ በሌሊት ይመለሳል። ሁለተኛው መጽሐፉን እንደ ዕጣ ባገኙበት ገልጦ የመጣውን ቁጥር ለራስ የተላከ ብይን ማድረግ ነው። ሦስተኛው መዝሙር 109ን (108) በጎረቤት ላይ ማነብነብ ነው። ያ መዝሙር ለእርግማን መሣሪያ የተሰጠ አይደለም፤ በቀሉን ከገዛ እጅ አውጥቶ ለፈራጁ ማስረከቢያ ነው። አንብበው ሲጨርሱ ቂሙ ከብዶዎት ከተነሡ አስረክበው አልመጡምና ለጊዜው ይተዉት።

ሐዘንን በአበገደ መጻፍ

ከሁሉም ጠንከር ያለው መሣሪያ ይህ ነው። ባቢሎናውያን ኢየሩሳሌምን ያፈረሷት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ገደማ ነው። ከዚያ ጥፋት የወጣው ሰቆቃወ ኤርምያስ እንደ ዝርው ጩኸት አልተጻፈም። ምዕራፍ 1፣ 2ና 4 እያንዳንዳቸው 22 ቁጥር አላቸው፤ ቁጥሮቹ በዕብራይስጥ ፊደል ተራ፣ ከአሌፍ እስከ ታው ይጀምራሉ። ምዕራፍ 3 ለእያንዳንዱ ፊደል ሦስት ሦስት ሰጥቶ 66 ይደርሳል። ምዕራፍ 5 ደግሞ 22 ቁጥር አለው፣ ፊደሉ ግን ተበትኗል። በምዕራፍ 2፣ 3ና 4 «ፌ» ከ«ዓይን» ቀድሞ ይገኛል። ፊደሉ ራሱ እንደ ከተማይቱ ቦታውን የሳተ ይመስላል።

ሐዘን በፊደል ተራ የሚሄድበት ምክንያት አለው። ሐዘን ይዞራል፤ ያንኑ ሐሳብ መቶ ጊዜ ያመላልሳል። ፊደል ግን ወደ ፊት ብቻ ነው የሚሄደው፣ መጨረሻም አለው። «በ» ላይ የተጻፈው «ገ» ላይ አይደገምም። ታው ላይ ሲደርሱ ሁሉም ተብሏል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ የሩቅ ነገር አይደለም። ከሀሁ ሌላ አበገደ አለን፤ የመጀመሪያዎቹ 22 ፊደላት የዕብራይስጡን ተራ ይከተላሉ፦ አበገደ፣ ሀወዘ፣ ሐጠየ፣ ከለመነ፣ ሠዐፈጸ፣ ቀረሰተ። ኀፀጰፐ በኋላ የተከተሉ ስለሆኑ እዚህ አያስፈልጉም።

አንድ ደብተርና እስክሪብቶ ይያዙ፤ በስልክ አይጻፉ፣ መልእክት ይገባና ያቋርጥዎታል። 30 ደቂቃ ይመድቡ። ገጹ ዳር ላይ 22ቱን ፊደላት ወደ ታች ይደርድሩ። ለእያንዳንዱ አንድ መስመር፣ ከአስር ቃል ያልበለጠ። ከግእዝ እስከ ሳብዕ የትኛውም የፊደሉ ዘር ይሆናል፤ ለ«በ» ቢም ቦም ይሠራል። አጀማመሩ ይህን ይመስላል፦

አ — አልተኛሁም፤ የጎረቤት ዶሮ ሁለቴ ጮኸ።
በ — በሩን የሚያንኳኳ የለም።
ገ — ገንዘቡ አለቀ፣ ኪራዩ ሰኞ ነው።
ደ — ደረጃውን ስወጣ ጉልበቴ ከዳኝ።
ሀ — ሁሉም «ደውል» አሉኝ፤ ስደውል አላነሡም።
ወ — ወንበሩ ባዶ ነው፣ አልነካሁትም።

ቀላል ቃል እንጂ የቅኔ ቃል አይፈልጉ። «ዘ» ዝናብም ዘመድም ያመጣል፤ «ዐ» ዕዳን፤ «ሠ» ሥራን፤ «ፈ» ፍርሃትን። «ጸ» ላይ ብዙ ሰው ይቆማል፤ ጸጥታ፣ ጸጉር፣ ጸሎት ይቻላል። ከሁለት ደቂቃ በላይ ከቆሙ ፊደሉን ባዶ ትተው ይለፉ። ሰዓቱ ሲደርስ የትም ቢሆኑ ያቁሙ፤ የቀረው ለነገ ማታ ነው። ልክ ያለው ሐዘን እንዲሆን ነው የፈለግነው፤ እስከ እኩለ ሌሊት ከጻፉበት ልኩ ፈረሰ።

አንድ ስሕተት እዚህ ላይ ደጋግሞ ይታያል፤ ሰው ተስፋውን «ተ» ላይ ለማድረስ ሲል መጨረሻውን በግድ ያሳምራል። ሰቆቃወ ኤርምያስ እንዲህ አያደርግም። ምዕራፍ 3ን ይመልከቱ፦ ምሕረቱ ማለዳ ማለዳ አዲስ ነው የሚለው የታወቀው ቃል ያለው ከቁጥር 22 እስከ 24፣ በ«ሐ» ፊደል ሥር፣ ከመሃል ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ ልቅሶው ይመለሳል። የመጽሐፉም የመጨረሻ ቁጥር የሚያጽናና አይደለም፤ ለዚህም ነው በምኩራብ ሲነበብ ጉባኤው ከመጨረሻው በፊት ያለውን «መልሰን» የሚለውን ቁጥር ደግሞ የሚዘጋው። እርስዎም «ጠ» ወይም «ከ» ላይ የተስፋ መስመር ከመጣ ይጻፉት፤ ቀጣዩ ፊደል ላይ ልቅሶ ከተመለሰም ይምጣ፤ መስመሩ ውሸት አልሆነም።

ሲያልቅ አንድ ጊዜ ድምፅ አውጥተው ለሚያምኑት ለአንድ ሰው ያንብቡት። ቴሌግራምም ፌስቡክም ላይ አይለጥፉት፤ ሐዘንዎ የማያውቁዎት ሰዎች መጨቃጨቂያ ይሆናል።

እስረኛ ራሱን አይፈታም

የአይሁድ ሊቃውንት ትምህርት በተሰበሰበበት በባቢሎን ታልሙድ፣ በረኮት በተባለው ክፍል፣ ስለ ራቢ ዮሐናን የተነገረ አለ። የታመመ ባልንጀራውን ሊጠይቅ ገባና «ይህን ሥቃይ ትወደዋለህን?» አለው። ሰውየውም «እሱንም ዋጋውንም አልወድም» ብሎ መለሰ። ዮሐናን «እጅህን ስጠኝ» ብሎ አስነሣው። ኋላ ዮሐናን ራሱ ሲታመም ሌላ ሰው መጥቶ አስነሣው። ሌላውን ያስነሣ ሰው ራሱን ለምን አላስነሣም? መልሱ፦ እስረኛ ራሱን ከእስር ቤት አያወጣም።

ስለዚህ ከላይ ያለውን ሁሉ ብቻዎን ይዘው አይቆዩ። ሁለት ሰው ይምረጡ፣ እርዳታውንም ልክ ያለው አድርገው ይጠይቁ። «አስቡኝ» ካሉ ሁሉም አስቦ ይቀመጣል። «እትዬ፣ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ያምጡልኝ» ካሉ ግን ልጆቹ ይመጣሉ። መክብብ በሦስት የተገመደ ገመድ ፈጥኖ አይበጠስም ይላል። «ቲቅቫ» የሚለው የዕብራይስጥ ቃልም ተስፋ ማለት ሆኖ ሳለ ረዓብ በመስኮቷ ላሰረችው ቀይ ገመድ ያገለገለ ቃል ነው። ተስፋ የሚገመድ ነገር ነው፤ ለመግመድ ደግሞ ሌላ እጅ ያስፈልጋል።

ለቅሶ ደራሽ ከሆኑ፦ የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው መሬት ላይ አብረውት ተቀመጡ። እስከዚህ ድረስ መልካም ሠሩ፤ የተሳሳቱት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። በአይሁድ ሥርዓት ሐዘንተኛው ሳይናገር አጽናኙ ቀድሞ አይናገርም። «ከዚህ የባሰም አለ»፣ «እግዚአብሔር ቢወድህ ነው» አይበሉ፤ ምሳሌ 25፥20 ለሚያዝን ልብ መዝፈንን በብርድ ቀን ልብስ ከመግፈፍ ጋር ያስተካክለዋል። ክረምት ላይ ከእንጦጦ ማዶ ሱሉልታ በጠዋት የቆመ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ምግብ ይዘው ይሂዱ። አይሁድ ከቀብር መልስ የመጀመሪያውን ማዕድ ጎረቤት እንዲያቀርብ ያዛሉ፤ እንቁላልና ምስር የተለመዱ ናቸው። እኛ ዘንድ ንፍሮና እንጀራ በወጥ ያንን ይሠራሉ። ሳህንዎንም ዕለቱኑ አይጠይቁ።

ከሠፈሩ ለተነሣ ሰው

ኤርምያስ ምዕራፍ 29 ከኢየሩሳሌም ወደ ባቢሎን ለተወሰዱ ሰዎች የተላከ ደብዳቤ ነው። ቁጥር 11 በየቤቱ ግድግዳና በየሚኒባሱ መስታወት ላይ አለ፦ ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ። ከፊቱ ያሉትን ግን ማንም አይለጥፍም። ሐሰተኛው ነቢይ ሐናንያ «በሁለት ዓመት ሁሉም ይመለሳል» ብሎ ነበር። ኤርምያስ 70 ዓመት አለ፤ እስከዚያውም ቤት ሥሩ፣ አታክልት ተክሉ፣ የምትኖሩባትን ከተማ ሰላም ፈልጉ አለ። ሻንጣ ሳይፈታ ጊዜያዊ ነው እያለ የሚኖር ሰው ሁለቱንም ሠፈር ያጣል።

ሻንጣውን በመፍታት ይጀምሩ። ቀጥሎ ይትከሉ፤ ደብዳቤው የሚለው በምሳሌ አይደለም። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ጎኑን ቆርጠው እንደ ገንዳ ያጋድሙት፤ ሥሩን በጋለ ምስማር ስድስት ቦታ ይብሱት፤ ካልተበሳ ውኃ ይቋጥርና የተክሉ ሥር ይበሰብሳል። በአቃቂ በኩል ያለው አፈር መረሬ ነው፤ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አንድ እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ የበሰለ ፍግ ይቀላቅሉ። ቆስጣ ይዝሩ፤ በሁለት ወር ገደማ ውጫዊ ቅጠሉን እየቀጠፉ መብላት ይችላሉ። የመሃሉን ቡቃያ አይንኩት።

ሦስተኛው የሰው ነው። በዚህ ሳምንት በደረጃዎ ላይ የሚኖሩ የሦስት ሰዎችን ስም ይወቁ። የጥንቱን ዕድር ሳይተዉ የብሎኩን ዕድር ይግቡ። ነህምያ ቅጥሩን በ52 ቀን ሲያስጨርስ አንዳንዶቹ የሠሩት በየቤታቸው ፊት ለፊት ነበር።

አንድ ማታ ያሳርፉት

አይሁድ የሰባቱን ቀን ሐዘን እንኳ በሰንበት በይፋ አይገልጡትም፤ ቀኑ ይቆጠራል፣ ልቅሶው ግን ለአንድ ቀን ይታገሣል። ከዓርብ ፀሐይ መግቢያ እስከ ቅዳሜ ማታ ማቆም የማይችል ነጋዴ ወይም ሾፌር ዓርብ ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ይውሰድ። ቀን ላይ ውኃ ይቀዳ፣ ወጥ ይሠራ፣ ያላለቀው ጉዳይ በወረቀት ተጽፎ መሳቢያ ይግባ። በእነዚያ ሦስት ሰዓታት ስለ ዕዳ፣ ስለ ክስና ስለ ሐኪም ውጤት አይወራ። ብቻ አይቀመጡ፤ ብቻውን ያረፈ ሐዘንተኛ ማሰላሰል ይጀምራል።

ሐኪም መቼ?

እንቅልፍ ማጣቱ፣ ምግብ መጥላቱ ወይም ከአልጋ መነሣት አለመቻሉ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ግን ሁለት ሳምንት አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ለአንድ ሰው ይንገሩና ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ አማኑኤል ሆስፒታል አብሮዎት ይሂድ። ይህ ከእምነት መውጣት አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት በዕብራይስጥ የተጻፈውና በእኛም ቤተ ክርስቲያን የሚነበበው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው ይሄዳሉ፤ ክኒኑን ያለ ሐኪም ምክር አቋርጦ ጸበል መግባት ግን በሽታውን ይመልሰዋል።

ስምንቱ ደረጃ

መዝሙር 121 (120) ከ15ቱ የመውጣት መዝሙሮች አንዱ ነው። ሚሽና የተባለው ጥንታዊ የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ እነዚህን መዝሙሮች በቤተ መቅደሱ አደባባይ ከነበሩት 15 ደረጃዎች ጋር ያገናኛቸዋል፤ ሌዋውያን በዚያ ቆመው ይዘምሩ ነበር። መዝሙሩ ስምንት ቁጥር አለው። በብዙዎቹ ጂ+4 ኮንዶሚኒየሞች በየፎቁ ሁለት ሁለት መወጣጫ ስላለ ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅም ስምንት ነው።

ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ቀን ለዚህ ይሆናል። ሙሉ ጄሪካን 20 ኪሎ ነው፤ ጉልበት ካነሰ ባለ 10 ሊትሩን ይያዙ። ከመነሣትዎ በፊት ቀና ብለው የረርን ይመልከቱ፤ ከኮዬ በምሥራቅ በኩል ይታያል። የመጀመሪያው ቁጥር «ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ» ነው። በየማረፊያው አንድ ቁጥር ይበሉ፤ ትንፋሽ ካጠረ ጄሪካኑን አስቀምጠው ይበሉት። ሦስተኛው ስለ እግር ነው፦ «እግርህን ለመናወጥ አይሰጠውም»። አምስተኛው ስለ ቀኝ እጅ ነው፤ እዚያ ላይ ጄሪካኑን ወደ ግራ ያዛውሩት። «ጠበቀ» የሚለው ግስ በዕብራይስጡ ስድስት ጊዜ ይመጣል፤ ሲወጡ ይቁጠሩት። ስምንተኛው መወጣጫ በርዎ ላይ ያደርሳል። ጄሪካኑን ያስቀምጡ፣ ቁልፉን ያውጡ፣ «መውጣትህንና መግባትህን ይጠብቃል» ብለው ይግቡ።